ታሪኬን ሰምታ አለቀሰች፤ ከዚያ «ልጄ፣ ዘንቢሉን አንሺ» አለች

ገበርና ጠርዝ (ሐረር)

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ከሙያዬ ጋር የተሰፋ ስለሆነ መጀመሪያ ማን እንደሆንኩ ልናገር። ሐረር፣ ጀጎል ውስጥ፣ መኪና ግርግር ላይ ልብስ ሰፊ ነኝ። መንገዱን ለማታውቁት፣ ስሙን ያገኘው ከእኛው የስፌት መኪናዎች ድምፅ ነው፤ ከፈረስ መጋላ ወደ ውስጥ ሲገቡ ግራና ቀኝ በየደጁ ይሰማል። 22 ዓመት ተቀምጬበታለሁ። ማታ ማታ ደግሞ አጫጭር ልብ ወለድ እጽፋለሁ። የታተመልኝ የለም፤ የአሳታሚ በር አንኳኩቼም አላውቅም። አድማጮቼ ልብሳቸው እስኪያልቅ በርጩማ ላይ ተቀምጠው የሚጠብቁኝ ደንበኞች ናቸው። ካውያው እስኪግል አንድ ገጽ፣ ሌላው ሥራ ሲፈቅድ ሁለት ገጽ አነብላቸዋለሁ። ከማንም ደራሲ የምበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ የእኔ አድማጭ ልብሱን ሳይወስድ ጥሎኝ አይሄድም።

በዚህ ክረምት የጻፍኩት ታሪክ ስለ አንዲት የቤት ሠራተኛ ነው። በ11 ዓመቷ ከገጠር ትመጣለች። «እናስተምራታለን» ብለው ያመጧት ሰዎች አያስተምሯትም። ደመወዝ የለም። አሠሪዋ ትሰድባታለች፣ ትመታታለች። በመጨረሻ ልጅቷ ታማ ኩሽና ውስጥ ትሞታለች። ነገሩ አዲስ አይደለም፣ ሁላችንም የምናውቀው ጉዳችን ነው፤ በአማርኛው ግን ተጠብቤበታለሁ። የሞቷን ገጽ ብቻ ሰባት ጊዜ ጽፌዋለሁ።

ነሐሴ መጨረሻ፣ ዩኒፎርም በሚሰፋበት የግፊያ ሳምንት፣ አንዲት የቆየች ደንበኛዬ ሁለት ልጆቿን ይዛ መጣች። ደግ ሴት ናት። ዋጋ አትከራከርም፤ የሰፈር ለቅሶ ላይ ቀድማ ትደርሳለች። ከኋላዋ አንዲት ልጅ የገበያ ዘንቢል ይዛ ደጁ ላይ፣ የድንጋዩ ደረጃ ላይ ቆመች። ዕድሜዋ ከደንበኛዬ ትልቋ ልጅ ጋር እኩል ይመስለኛል። የሁለቱን ልጆች ልኬት ወሰድኩ። ሦስተኛዋን ለካ ያለኝ የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ይህንንም ያስተዋልኩት አሁን ስጽፈው ነው።

የትንሹን ልጅ የአምና ሱሪ እስካስረዝም ጠብቂኝ ብያት ታሪኩን አነበብኩላት። ከግማሹ ጀምሮ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ትጠርግ ነበር። መጨረሻው ላይ ስቅ ብላ አለቀሰች። «እንዲህ ያለ ጭካኔ! ፈጣሪ ልብ ይስጣቸው እንጂ ምን ይባላል!» አለች። ከዚያ ተነሣች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በጣም ለስላሳ በሆነ ድምፅ ወደ ደጁ «ልጄ፣ ዘንቢሉን አንሺ» አለች። ልጅቷ አነሣች። ሄዱ።

እኔ መቀሱን እንደያዝኩ ቀረሁ። እንባዋ የውሸት አልነበረም፤ ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ታዲያ ቋንቋዬ ልቧን ነክቶ ዓይኗን ያልከፈተው ለምንድን ነው? ማኅበረሰብን የሚተች ልብ ወለድ የሚጻፈው ለዚህ ካልሆነ ለምንድን ነው? የምታውቁ ንገሩኝ። አትራሩልኝ።

የከዚራ ጡረተኛ (ድሬዳዋ)

ወንድሜ ልብስ ሰፊው፣ አማርኛ 31 ዓመት አስተምሬያለሁ፤ ድርሰቱን ሳላይ ውጤት አልሰጥም። አሠሪዋ የምትናገርበትን ክፍል እዚህ አስፍርልን። የሞቱን ገጽ አልፈልግም። ሰባት ጊዜ የተጻፈ ሞት ምን እንደሚመስል ከተማሪዎቼ ደብተር አውቀዋለሁ።

እስከዚያ አንድ ነገር ልበል። ሀዲስ ዓለማየሁ በ1958 ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ሥርዓቱን የሚነቅፈውን ከባዱን ንግግር ለማን እንደሰጡት ሁሉም ያነሣዋል፤ ለካሣ ዳምጤ፣ አገሩ «ጉዱ ካሣ» ለሚለው ሰው። እንደ እብድ ከሚታይ ሰው አፍ የወጣ እውነት ጋሻ አያስነሣም፤ ስትስቅ ይገባብሃል። ለእኔ ግን ከዚያ የሚበልጠው ጥበብ ፊታውራሪ መሸሻ ናቸው። ክፉ ነኝ ብለው አያስቡም። ለሰብለ ወንጌል ባል ሲመርጡ አጥንት የሚቆጥሩት ልጃቸውን አከበርኩ ብለው ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው አባቴ ከዚህ ከዚራ ከዛፉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዳምጥ ነበር፤ ፊታውራሪ በተናገሩ ቁጥር በመስማማት ራሱን ይነቀንቃል። ገበሬዎቹ ተነሥተው ፊታውራሪን ሲማርኳቸው ግን ያንን የነቀነቀውን አንገት የት ያድርሰው? ሬዲዮኑን ዘግቶ ገባ። በማግስቱ ደግሞ ቀድሞን ተቀምጦ አገኘነው።

ያንተ አሠሪ ንግግሯ ራስ የሚያስነቀንቅ ነው ወይ? ጥያቄዬ እሱ ነው።

ሰነድ ይናገር (ድሬዳዋ)

መምህር፣ በአክብሮት፣ እኔ ከዚህ ሁሉ ጥበብ አንድ የታተመ ደረሰኝ እመርጣለሁ። በጥብቅና ነው የምኖረው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የግል አገልግሎት ቅጥርን ከሽፋኑ አውጥቶ ሁኔታው በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ እንዲወሰን ትቶታል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ቤት ሠራተኛ ጥቂት አንቀጾች አሉት። ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ደግሞ ያው አዋጅ ይከለክላል። ይህን የሚያስፈጽም ሰው ነው የጠፋው እንጂ የሚያስለቅስ ደራሲ መች ጠፋ!

በእንዲህ ያለ የደመወዝ ጉዳይ ለአንዲት ልጅ ቆሜ ተሸንፌያለሁ። አሠሪዎቹ አልካዱም፤ ቤታቸው 6 ዓመት መኖሯን አመኑ። «አልቀጠርናትም፣ አሳደግናት» አሉ፤ ጎረቤቶቹም ተራ በተራ መጥተው «አዎ፣ አሳደጓት» ብለው መሰከሩ። ልጅቷ ራሷ ስትጠየቅ «አሳድገውኛል» አለች። ምን ትላላችሁ? በልብ ወለድ የሚረታ ፍርድ ቤት አላውቅም።

የከዚራ ጡረተኛ (ድሬዳዋ)

ጠበቃው ወንድሜ፣ አንተ በአንድ ግስ ተረትተህ መጥተህ ቋንቋ ጉልበት የለውም ትለኛለህ?

ገበርና ጠርዝ (ሐረር)

መምህር፣ እነሆ ያዘዙኝ። እየፈራሁ ነው የማሰፍረው።

«ወይዘሮዋ እንደ ነብር ተቆጥታ ከመኝታ ቤቷ ወጣች። ዓይኖቿ ደም ለብሰዋል። 'አንቺ የማትረቢ! አንቺ የሰው አራዊት! እንጀራዬን እየበላሽ ደመወዝ ትጠይቂኛለሽ?' ብላ በእጇ የያዘችውን ማማሰያ ወረወረችባት። ምስኪኗ ልጅ እንደ ቅጠል ተንቀጠቀጠች።»

ከጉርሱም የመጣሁ

እዚህ ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። ዛሬ የምጽፈው ያቺን ደረጃ ላይ የቆመችውን ልጅ ስለማውቃት ነው። እንደ እሷ 8 ዓመት ቆሜያለሁ፤ ሐረር ሳይሆን ድሬዳዋ፣ ሳቢያን።

ከጉርሱም ገጠር ስመጣ የማውቀው ኦሮምኛ ብቻ ነበር። አማርኛን የተማርኩት በትእዛዝ ነው። አምጪ፣ ውሰጂ፣ ዝጊ፣ ጨምሪ፣ ቀንሺ። «እፈልጋለሁ» የሚለውን ቃል ቶሎ አውቄዋለሁ፤ ከአፌ የወጣው ግን ሁለት ዓመት ቆይቶ ነው፣ ምን ትፈልጊያለሽ የሚለኝ ስላልነበረ። እትዬ «ልጄ» ትለኛለች። የሆድ ልጆቿ «እማዬ» ይሏታል። እኔ ግን «ልጄ» ስባል «አቤት፣ እትዬ» ነው የምመልሰው። አንድ ቀን ተሳስቼ «እማዬ» ብዬ ነበር። ማንም አልተቆጣኝም፤ ትንሹ ልጅ ሳቀ፣ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ እኔም አብሬ ሳቅሁ።

ልብስ ሰፊው የጻፍካትን ሴት አላውቃትም። እኔን ማንም አልሰደበኝም፤ ማንም ማማሰያ አልወረወረብኝም። እንደዚያ ያለች ብትሆን በስድስተኛው ወር ጠፍቼ ወደ እናቴ እመለስ ነበር። 8 ዓመት ያስቀመጠኝ «ልጃችን» የሚለው ቃል ነው። 14 ዓመት ሲሞላኝ ለጎረቤታችን ሠራተኛ እንደሚከፈላት ለእኔም ይከፈለኝ ብዬ ጠየቅሁ። እትዬ አልተቆጣችም። አጠገቧ አስቀምጣኝ፣ ፀጉሬን እየዳበሰች፣ «ልጅ ከእናቷ ደመወዝ ትጠይቃለች?» አለችኝ። አፈርኩ። አስቡት፣ ያፈርኩት እኔ ነኝ። ይቅርታ ጠይቄ ቡና አፈላሁ።

አሁን ወደ ደንበኛህ። እሷ «ልጄ፣ ዘንቢሉን አንሺ» አለች እንጂ «አንቺ የማትረቢ» አላለችም። ታዲያ በታሪክህ ውስጥ ራሷን በየት በኩል ታግኘው? ነብር ጽፈህ ሰው ይታየኝ ትላለህ።

ደግሞስ ለምን ገደልካት? እኛ አብዛኞቻችን አልሞትንም። የማታ ተምሬ፣ ዛሬ ድሬዳዋ፣ ታይዋን በሚባለው ገበያ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ፤ ምናልባት አንተም የእኔን ጨርቅ ቀደህ ይሆናል። ልጅቷን ስትገድላት ደንበኛህን አሳረፍካት። የእሷ ልጅ በሕይወት አለች፣ በልታለች፣ ጫማ አላት። ስለዚህ ታሪኩ ስለ ሌላ ሰው ነው። አልቅሳ፣ ዕዳዋን ከፍላ ሄደች።

የከዚራ ጡረተኛ (ድሬዳዋ)

እኅቴ፣ ይህን ጽሑፍሽን አንብቤ መነጽሬን አውልቄ ቁጭ ብያለሁ። ከዚህ በኋላ የምጨምረው የአስተማሪ አመል ሆኖብኝ ነው።

የአህያዋን ተረት ሁላችሁም ከአያቶቻችሁ ሰምታችኋል። ዝናብ ጠፋ፤ አንበሳ፣ ነብር፣ ጅብና አህያ ኃጢአታችንን እንናዘዝ ብለው ተሰበሰቡ። አንበሳ የሰው በሬ መብላቱን ተናገረ፤ «ይህማ ምን ኃጢአት አለው፣ ልማድዎ ነው» አሉት። ነብርም ፍየሉን፣ ጅብም የበላውን ተናገረ፤ እርስ በርሳቸው ይቅር ተባባሉ። አህያዋ ጌታዋ ከሰው ጋር ሲያወራ ከመንገድ ዳር ትንሽ ሣር መንጨቷን ስትናገር ግን «ለካ ዝናቡ በአንቺ ነው የጠፋው!» ብለው በሏት። ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የምጠይቃቸው ይህ ነበር፤ በዚህ ተረት ውስጥ ስድብ የት አለ? የለም። ሁሉም በጨዋ ቋንቋ ነው የተበላው። ስንት ትውልድ አልፎ ያልሞተውም በዚህ ይመስለኛል። ምሳሌያዊ አነጋገሮቻችንም እንዲሁ ናቸው። «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ሰውን የሚገዛው በጅራፍ አይደለም፤ ቤት ስለሚመታ ነው። ጆሮ የወደደውን አፍ ሳያላምጥ ይውጠዋል።

ጠበቃው ሆይ፣ ልብ ወለድ ጉልበት ከሌለው ለምን ይከለከላል? ልጅነታቸውን እዚያው ሐረር በራስ መኮንን ቤት ያሳለፉት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፣ የአውሬዎች ኮሜዲያ»ን ሲጽፉ የአስተዳደሩን ብልሹነት በእንስሳት አፍ ነው ያናገሩት። በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ተከለከለ። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲው በ1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም።

ሰነድ ይናገር (ድሬዳዋ)

መምህር፣ ያቀረቡት ማስረጃ የሚያረጋግጠው ሹም መጽሐፍ እንደሚፈራ ነው። የመኪና ግርግሯ ደንበኛ መፍራቷን አያረጋግጥም። ለጽሑፍ ሹምን ማስቆጣት ቀላል ነው፤ ደግ ሰውን ማስደንገጥ ነው ከባዱ። በዚህ ላይ ግን ከጉርሱም ለመጣችው እኅታችን እጅ ሰጥቻለሁ። ያን ጊዜ ከችሎት በፊት ብትነግረኝ ኖሮ መስቀለኛ ጥያቄዬ ሌላ ይሆን ነበር። ጎረቤቶቹን «አሳደጓት ወይ?» ብዬ ከምጠይቅ «እሷ ወይዘሮዋን ምን ብላ ትጠራለች?» እላቸው ነበር።

ገበርና ጠርዝ (ሐረር)

ሦስት ሳምንት ዘግይቼ ነው የምመልሰው፤ መስከረም ለልብስ ሰፊ ሰው የሚተነፍስበት ወር አይደለም። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነብሯን አባርሬያታለሁ። እንደ ቅጠል የተንቀጠቀጠችውንም እንዲሁ፤ አሁን ሳየው ቅጠሉን የወሰድኩት ከራሴ ዓይን ሳይሆን ካነበብኩት ነው። ሙያዬ እንኳ ቢያስተምረኝ በቂ ነበር። ጥሩ ኮት የሚቆመው ከላይ በሚታየው ጨርቅ ሳይሆን ከውስጥ ባለው ገበር ነው። እኔ ገበሩን ገልብጬ ከላይ ሰፍቼው ኖሯል፤ ክፋቱን ሁሉ ለዓይን አወጣሁት። ሰው ደግሞ የተገለበጠ ኮት ሲያይ የእኔ ነው አይልም።

አዲሱ ክፍል ይህን ይመስላል። ግማሹ የእኅቴ ነው፤ ከጽሑፏ ሰርቄያለሁ፣ ከተቆጣች እመልሳለሁ።

«እትዬ ቡናዋን ፉት ብላ ሲኒውን አስቀመጠች። 'ልጄ' አለቻት፣ 'ብር ምን ያደርግልሻል? ምን ጎደለብሽ? የጓዳው ቁልፍ በእጅሽ፣ ወጡ በእጅሽ። ባዳ ብትሆኚ ነበር የምቆጥርልሽ። እኔ ለልጄ አልቆጥርም።' ልጅቷ የጎደለባትን ልትቆጥር ሞከረች። ጫማ አላት። ጠግባ ታድራለች። እትዬ ደግ ናት። ጣቶቿን አጠፈችና ሲኒውን ልታጥብ ተነሣች።»

ይህን ለደንበኛዬ ላነብላት ነበር ያሰብኩት። ዩኒፎርሙ አልቆ ሲጠብቃት ማክሰኞ ዕለት የመጣችው ግን ልጅቷ ናት፣ ብቻዋን። ብሩን ቆጥራ ሰጠችኝ፣ ጥቅሉን ሰጠኋት። አልሄደችም። ደረጃው ላይ ቆማ ጥቂት ካንገራገረች በኋላ፣ «ጋሼ፣ ያቺ ልጅ መጨረሻዋ ምን ሆነ? የዚያን ቀን ከደጅ ስሰማ የጎረቤትዎ መኪና ጮኸና አመለጠኝ» አለችኝ።

ምን እንደተሰማኝ ለማስረዳት አልችልበትም። ያን ታሪክ ስጽፍ፣ ሳነብ፣ ደንበኛዬ ስታለቅስ፣ እዚህ መጥቼ ስጠይቃችሁም ጭምር፣ የሚሰማው በርጩማው ላይ የተቀመጠው ሰው ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ደጁ ላይ የቆመችው ለእኔ የታሪኩ ጉዳይ እንጂ የታሪኩ አድማጭ አልነበረችም። ሴትዮዋን ስታዘብ የነበርኩት እኔ፣ ልጅቷ ጆሮ እንዳላት አላሰብኩም።

ገና አልጨረስኩትም አልኳት። ዋሸኋት። ሰባት ጊዜ የጻፍኩት ሞት ከመኪናው ሥር መሳቢያ ውስጥ ነበር።

«ሲጨርሱት ይንገሩኝ» አለችና ሄደች።

ስለዚህ አሁን ጥያቄዬ ተለውጧል። ለደንበኛዬ የሚሆን ገጽ ያገኘሁ ይመስለኛል። ለልጅቷ ግን መጨረሻ የለኝም። አምልጣ ከተማ ገባች ብዬ ብጽፍ፣ ነገ እውነት ጠፍታ አንድ ክፉ ነገር ቢያገኛት? ታግሣ ኖረች ብዬ ብጽፍ፣ እኔም «ልጃችን» ካሏት ወገን መሆኔ አይደለም?

የከዚራ ጡረተኛ (ድሬዳዋ)

መልስ የለኝም። በ31 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ የቤት ሥራ ለማንም ሰጥቼ አላውቅም።

ሰነድ ይናገር (ድሬዳዋ)

ልብ ወለዱን ለእናንተ ትቼ አንድ ነገር ብቻ ልበል። መጀመሪያ ዕድሜዋን እወቅ። ከ15 በታች ከሆነች ወሬው ሌላ ነው። በግል መልእክት ጻፍልኝ፤ ክፍያ አልጠይቅም።

ከጉርሱም የመጣሁ

አልተቆጣሁም፤ የወሰድከው ይሁንልህ። «ጣቶቿን አጠፈች» ያልከው ግን ከእኔ አይደለም፤ እንዴት አወቅኸው?

መጨረሻውን እኔ አልነግርህም። ስትጨርሰው ግን በኦሮምኛ ንገራት። በአማርኛ ከነገርካት ትእዛዝ ይመስላታል።

ገበርና ጠርዝ (ሐረር)

ኦሮምኛዬ የገበያ ነው። ዋጋና ልኬት እንጂ ታሪክ ተናግሬበት አላውቅም። ዛሬ ማታ የመጀመሪያውን ገጽ ሞክሬ፣ «በርጩማ» የሚለው ላይ ተይዣለሁ።